ከቅጥር በኋላ ያለው ደረጃ፦ አካል ጉዳተኞችና የምሥራቅ አፍሪካ ባንኮች

ኬንያ እአአ በ2025 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች ሕግ ሃያና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሉት ቀጣሪ ሁሉ ቢያንስ 5 በመቶ የሚሆነውን የሥራ ዕድል ለአካል ጉዳተኞች እንዲመድብ ያስገድዳል። በ2003 የወጣው የቀድሞው ሕግም ያንኑ 5 በመቶ ይጠቅስ ነበር። ሆኖም ቁጥሩ እንዲሟላ ጥረት የማድረጉን ኃላፊነት የጣለው በአሠሪዎች ላይ ሳይሆን በብሔራዊው የአካል ጉዳተኞች ምክር ቤት ላይ ነበር። አሁን ግዴታው በቀጥታ ወደ አሠሪዎች ተሸጋግሯል፤ ከእነዚህም መካከል በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞችን የሚያስተዳድሩት የናይሮቢ ታላላቅ ባንኮች ይገኙበታል። ስምንት ሺህ ሠራተኞች ላሉት ባንክ 5 በመቶ ማለት 400 ሰው ነው።

አንድ ትልቅ ባንክ 400 ሰው መቅጠር አያቅተውም። የሚከብደው ከአምስት ወይም ከስድስት ዓመት በኋላ ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ሆኗል ለሚለው ጥያቄ መልስ መስጠቱ ነው።

የባንክ ሥራ እንደ ብዙ ሙያዎች በትምህርት ቤት ብቻ ተምረውት የሚጨርሱት አይደለም። አዲስ ተቀጣሪ ሠልጣኝ ሆኖ ይገባል፤ በገንዘብ ከፋይነት ወይም በደንበኞች አገልግሎት ይጀምራል፤ ከዚያም ስለ ብድር፣ ስለ ውጭ ምንዛሪ፣ ስለ ቁጥጥር በሚሰጡ ሥልጠናዎች እየታገዘ ወደ ላይ ይወጣል። ሥልጠናው የሚሰጠው አሳንሰር በሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከሆነ፣ መስማት የተሳነው ሠልጣኝ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ከሌለው፣ የባንኩ ዋና ሶፍትዌርም በኮምፒዩተር ላይ ያለውን ጽሑፍ ወደ ድምፅ ከሚቀይረው መርሐ ግብር ጋር የማይግባባ ከሆነ፣ ተቀጣሪው በመጀመሪያው ወንበር ላይ ይቀራል። የስልክ ጥሪ መቀበያ ክፍሎች ዐይነ ስውራን ባለሙያዎች ለዓመታት ሳይንቀሳቀሱ የሚቆዩባቸው ቦታዎች የሚሆኑትም በዚህ ምክንያት ነው። በቁጥር ዘገባው ላይ ግን ሰውየው ሙሉ አንድ ሆኖ ይቆጠራል።

ይህ በግምት ብቻ የሚነገር ሥጋት አይደለም። የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እአአ በ2021 አንድ ዐይነ ስውር ሥራ ፈላጊ በአገሪቱ ትልቁ የቴሌኮም ኩባንያ ላይ ያቀረበውን አቤቱታ ተመልክቶ፣ የቅጥር ፈተናው የሚሰጥበት የኮምፒዩተር ሥርዓት ለማየት ለተሳናቸው የማያገለግል በመሆኑ አመልካቹ አድልዎ እንደተፈጸመበት ወስኗል። ኩባንያው ሰውየውን ለፈተና ጠርቶት ነበር። የዘጋበት ሶፍትዌሩ ነው።

በኬንያ አንድ ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም ጥቅማ ጥቅሙ ነው። በምክር ቤቱ የተመዘገበ አካል ጉዳተኛ ሠራተኛ ከወር ገቢው እስከ 150,000 ሽልንግ ያለው ከግብር ነፃ ሊሆንለት ይችላል። የእፎይታው ጥቅም በኪስ ብቻ አይወሰንም። በ2019 የሕዝብ ቆጠራ ከአምስት ዓመት በላይ ከሆኑ ኬንያውያን አካል ጉዳት እንዳለባቸው የተመዘገቡት 2.2 በመቶ ብቻ ናቸው፤ ሕጉ ከሚጠይቀው ከግማሽ ያነሰ ነው። ብዙ ሰው፣ በተለይ ጉዳቱ ለዐይን የማይታይ ሠራተኛ፣ ስለ ራሱ መናገር ዕድገቱን የሚያሳጣው ይመስለዋል፤ ብዙ ጊዜም አልተሳሳተም። መናገር የሚያስገኘው ነገር ሲኖር ግን ስሌቱ ይለወጣል።

የኢትዮጵያ ሕግ ሌላ መንገድ መርጧል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 568 ኮታ አላስቀመጠም። ይልቁንም አሠሪው ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲያደርግ፣ ለሥራው ወይም ለሥልጠናው የሚያስፈልገውን ረዳት እንዲመድብ ያዛል፤ አድልዎ ተፈጽሞብኛል የሚል ከሳሽም የማስረዳት ሸክም እንዳይኖርበት አድርጓል። በወረቀት ላይ ሲታይ ከኬንያው ቁጥር ይልቅ ወደ ሥራ ክፍሉ ውስጥ የዘለቀ ሕግ ነው። አዋጁን ለሚጥስ የተደነገገው መቀጮ ግን በጥቂት ሺህ ብር የሚቆጠር ነው። ለትልቅ ባንክ ይህ ከአንድ ሠራተኛ የወር ደመወዝ ጋር እንኳ ላይስተካከል ይችላል።

በኢትዮጵያ ባንኮች ዘንድ ከደመወዙ ይበልጥ ሰው የሚይዘው ጥቅም ደግሞ ለሠራተኞች በአነስተኛ ወለድ የሚሰጠው የቤት ብድር ነው። እዚህ ላይ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይመጣል። የሕጉ አንቀጽ 1728 የዐይነ ስውር ፊርማ በውልና ማስረጃ ሹም፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ እንደማያስገድደው ይደነግጋል፤ ማንበብ ከማይችል ሰው የጣት አሻራ ጋር አብሮ አስቀምጦታል። ዓላማው ጥበቃ ነበር። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ በሠሩበት ዘመን ውሉን በድምፅ የሚያነብ ስልክ አልነበረም። ዛሬ ግን ማየት የተሳናቸው ደንበኞች ባንክ ሲሄዱ እማኝ ይዛችሁ ኑ መባላቸውን በየጊዜው ያማርራሉ። በ2001 ዓ.ም. የተደረገ የሕግ ማሻሻያ ከባንክ ለሚወሰድ ብድር የሚደረግ የመያዣ ውል በውልና ማስረጃ መረጋገጡን አስቀርቷል። ስለዚህ ዐይናማው የባንክ ባለሙያ የብድሩን ሰነድ በጠረጴዛው ላይ ፈርሞ ወደ ሥራው ሲመለስ፣ በአጠገቡ ያለው ዐይነ ስውር ባልደረባው ምናልባት የሌሎችን የብድር ውል ሲመረምር ውሎ የራሱን ለማስረገጥ ሰልፍ ሊይዝ ነው።

ጉዳዩን አሁን አንገብጋቢ የሚያደርገው የገበያው መከፈት ነው። የኢትዮጵያ ሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ያጸደቀው የባንክ ሥራ አዋጅ የውጭ ባንኮች በአገሪቱ እንዲሠሩ ፈቅዷል። የኬንያዎቹ ኬሲቢና ኢኩቲ ከዚያ አስቀድሞ በአዲስ አበባ የወኪል ቢሮ ከፍተዋል። ባንኮች ድንበር ሲሻገሩ ሶፍትዌራቸውን፣ የሥልጠና መመሪያቸውንና የሠራተኛ አስተዳደር ደንባቸውን ይዘው ይሄዳሉ፤ የአገራቸው ኮታ ግን አይከተላቸውም። ናይሮቢ ላይ ስክሪን የሚያነብ መርሐ ግብር ከባንኩ ሥርዓት ጋር እንዲሠራ ያደረገ ባንክ አዲስ አበባ ላይ ያንኑ ለመትከል ብዙም አይቸገር፤ የማያደርገው ከሆነ የሚጠየቀው በአዋጅ 568 ነው፤ መቀጮውም ያው ጥቂት ሺህ ብር። በዚያ ባንክ የተቀጠረ ዐይነ ስውር የብድር ባለሙያ የቤት ብድሩን ለመፈረም ሲነሣም የሚጠብቀው ያው የ1952ቱ አንቀጽ ይሆናል።