አዲሱን ካፕቴን ማን ይቀበለዋል?

አንባቢ ሆይ፤ የምትወደው ታሪክ ካለቀ ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ሰው መጥቶ «ያ ታሪክ እንደ ገና ሊጀመር ነው፤ ነገር ግን የምታውቃቸው ሰዎች አይኖሩበትም» ቢልህ ምን ይሰማሃል? ደስታ ነው ወይስ ሥጋት? እኔ እንደሚመስለኝ ሁለቱም አብረው ይመጣሉ፤ ቀድሞ የሚናገረው ግን ሥጋቱ ነው።

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው ሳምንት በአስተማሪዎች ማረፊያ ክፍል ሻይ ስንጠጣ፥ አንድ የሒሳብ አስተማሪ ባልደረባዬ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚወደው ታሪክ በአዲስ ተከታታይ ፊልም ሊወጣ መሆኑን ሰምቶ «እኔ በበኩሌ ምንም አልጠብቅም፤ ያልጠበቀ አያዝንም» አለን። ይህን ብሎ ሳያበቃ የሚጀመርበትን ቀን፥ የተጫዋቾቹን ስም፥ የልብሳቸውን ቀለም ሳይቀር አንድ በአንድ ቈጠረልን። ምንም የማይጠብቅ ሰው ይህን ሁሉ ከየት ያውቃል? ሁላችንም ሣቅንበት። እኔ ግን ማታ ቤቴ ስገባ ነገሩ ከአሳቤ አልወጣ አለ፤ ምክንያቱም ከብዙ ዓመት በፊት በአሜሪካን አገር የሆነውን አንድ ነገር አስታወሰኝ።

«ስታር ትሬክ» የተባለው የቴሌቪዥን ታሪክ መታየት የጀመረው በሴፕቴምበር 1966 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው)። ፈጣሪው ሚስተር ጂን ሮደንቤሪ ናቸው። ካፕቴን ከርክ፥ ጆሮው የሾለው ስፖክና ነጭናጫው ሐኪም ማኮይ «ኢንተርፕራይዝ» በምትባል የጠፈር መርከብ ተሳፍረው ከኮከብ ወደ ኮከብ ይጓዛሉ። እኔም እነዚህን ሰዎች ያወቅኋቸው ታላቅ ወንድሜ ከሰፈራችን ዲቪዲ አከራይ እያመጣ ሲያሳየኝ ነው። ትርኢቱ ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ በተሰማ ጊዜ ተመልካቾቹ ለኤን.ቢ.ሲ. ጣቢያ በብዙ ደብዳቤ አቤት አሉ፤ ጣቢያውም በማርች 1968 ትርኢቱ እንደሚቀጥል በዚያው በቴሌቪዥን አስታወቀ። ሆኖም ከሦስት ዓመትና ከ79 ክፍሎች በኋላ በ1969 ተቋረጠ። ከተቋረጠ በኋላ በየከተማው ጣቢያ እየተደገመ ሲታይ ወዳጁ ከበፊቱ ይልቅ በዛ፤ ከ1979 ጀምሮም እነዚያው ተጫዋቾች በሲኒማ ተመለሱ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ፍቅር ባለበት ጊዜ ነው በኦክቶበር 1986 አዲስ ተከታታይ እንደሚዘጋጅ የተነገረው። መርከቢቱ ስሟ ያው ኢንተርፕራይዝ ነው፤ ዘመኑ ግን መቶ ዓመት ያህል ወደ ፊት ተገፍቷል። ከርክ የለም፤ ስፖክም የለም። የድሮ ጠላቶች ከነበሩት ከክሊንጎኖች አንዱ በመርከቢቱ ላይ መኰንን ሆኗል። የካፕቴኑን ቦታ የሚይዙት ደግሞ ሚስተር ፓትሪክ ስቱዋርት የሚባሉ፥ በሼክስፒር ቲያትር የሠለጠኑ፥ ራሳቸው በራ የሆነ እንግሊዛዊ ናቸው። ከወዳጆቹ ብዙዎቹ ተቈጡ። ሚስተር ስቱዋርት ራሳቸው እንኳ ነገሩ ቶሎ የሚፈርስ መስሏቸው ሎስ አንጀለስ ከደረሱ በኋላ ለሳምንታት ሻንጣቸውን ሳይፈቱ መቈየታቸውን ኋላ ሲያጫውቱ ተሰምተዋል።

የመጀመሪያው ክፍል በሴፕቴምበር 28 ቀን 1987 ታየ። አዘጋጆቹ የተመልካቹን ልብ ስለሚያውቁ አንድ ብልኀት አደረጉ፤ የድሮውን ሐኪም ማኮይን 137 ዓመት የሞላው ሽማግሌ አድርገው ለጥቂት ደቂቃ አስገቡት። ሽማግሌው ከአዲሶቹ መኰንኖች ከአንዱ ጋር በመተላለፊያው ቀስ ብሎ እየሄደ ስለ መርከቢቱ አደራ ብሎ ይለየዋል። ይህ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም፤ ሽማግሌ ሳይመርቅ የትኛው ጐጆ ይወጣል?

ምርቃቱ ግን ሥራውን አላቃናውም። አንባቢ ሆይ፤ እውነቱን ልንገርህ፤ የመጀመሪያው ዓመት ደካማ ነበር። ከመክፈቻው ቀጥሎ የመጣው ታሪክ በ1966 የታየው የአንድ ክፍል ሙቅ ተሙቆ የቀረበ ነው፤ ሰዎቹ ተለወጡ እንጂ በሽታው ያው በሽታ ነው። በኦክቶበር 1987 የታየው «የክብር ሕግ» የተባለው ክፍል ደግሞ ከዚያም የባሰ ነው። በአንዲት ዓለም የሚኖሩ ሰዎች ሁሉ በጥቍር ተጫዋቾች ተመስለው፥ አለቃቸው ከመርከቢቱ አንዲቱን ሴት መኰንን ጠልፎ ይወስዳል። እኔ ይህን ክፍል ሳይ የድሮ የውጭ አገር ፊልሞች አፍሪካን እንዴት ያሳዩ እንደ ነበር ትዝ አለኝና ዘጋሁት። ከትርኢቱ ተጫዋቾች አንዳንዶቹም ኋላ በግልጽ አፍረውበታል። ስለ መጪው ዘመን ሰው እኩልነት እሰብካለሁ የሚል ታሪክ እንዲህ ሲሳሳት፥ «ወዳጅ ከሆንህ ታገሥ» ማለት ይገባ ነበርን? እኔ አይመስለኝም። ያን ጊዜ የተቈጣው ሰው ትክክል ነበር።

ሁለተኛው ዓመትም በችግር ጀመረ። በ1988 የደራሲዎች የሥራ ማቆም አድማ ስለ ሆነ 26 የነበሩት ክፍሎች ወደ 22 ወረዱ፤ የዓመቱ መክፈቻ በ1970ዎቹ ተጽፎ መደርደሪያ ላይ ከቀረ ድርሰት ተወሰደ፤ የመዝጊያውም ክፍል አብዛኛው ካለፉት ክፍሎች ተቀንጭቦ የተሰፋ ነበር።

እንዲህ ከሆነ ስለ ምን አልተዘጋም? ብዙ ሰዎች የወዳጆቹን ትዕግሥት ያመሰግናሉ። ትዕግሥቱ አልነበረም አልልም፤ ነገር ግን ሌላ ምክንያት አለ። የፓራማውንት ኩባንያ ይህን ተከታታይ ለአንድ ትልቅ የቴሌቪዥን ድርጅት አልሸጠውም፤ በየከተማው ላሉ ጣቢያዎች በቀጥታ አከፋፈለው እንጂ። ስለዚህ በአንድ ቢሮ ተቀምጦ «ይብቃ» የሚል አንድ ሹም አልነበረም። ትዕግሥት አንዳንድ ጊዜ የጠባይ ነገር ብቻ አይደለም፤ የውሉም ነገር ነው።

በ1989 ሚስተር ማይክል ፒለር የደራሲዎቹ መሪ ሆነው ሲመጡ ታሪኩ ወደ ሰዎቹ ልብ ገባ። በጁን 1990 በሦስተኛው ዓመት መዝጊያ፥ ካፕቴን ፒካርድ በጠላት ተማርኮ፥ ግማሽ አካሉ መኪና ሆኖ፥ በገዛ መርከቡ ላይ ሲዝት ታየ። ምክትሉም እንዲተኰስበት ትእዛዝ ሰጠ። ታሪኩ እዚያ ላይ ቆመ፤ ቀጣዩ የመጣው በሴፕቴምበር መጨረሻ ነው። አንባቢ ሆይ፤ እዚህ ላይ ቈይ። ከሦስት ዓመት በፊት ይህን በራ እንግሊዛዊ አንቀበልም ይሉ የነበሩት ሰዎች በዚያ ክረምት ሙሉ ይፈሩ የነበረው እሱን እንዳያጡት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የምወደው ግን በ1991 የታየው «ዳርሞክ» የተባለው ክፍል ነው። ፒካርድ ከአንድ የባዕድ ሕዝብ አለቃ ጋር በምድረ በዳ ብቻውን ይቀራል። የዚያ ሕዝብ ቋንቋ ቃሉ ይተረጐማል፤ አሳቡ ግን አይገባም፤ የሚናገሩት ሁሉ በድሮ ተረቶቻቸው እየጠቀሱ ነውና። ተረቱን የማያውቅ ንግግሩን አያውቅም። ይህን ለአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼ ባወራላቸው አንዱ ልጅ «ታዲያ እንደ አያቴ ናቸዋ!» አለ። ይህ ክፍል የታየው ተከታታዩ በአምስተኛው ዓመቱ ላይ ሳለ ነው። በ1994 ሲፈጸም 178 ክፍሎች ሆኖ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡትም ሁሉ፥ የ1993ቱም የ2017ቱም፥ ያው ክርክር ጠብቋቸዋል፤ የድሮው አዲስ የነበረው «እውነተኛው» ተብሎ መመዘኛ ሆነባቸው።

ለዚህ ነገር ለምን ይህን ያህል እንደምቈረቈር ልንገርህ። ከሁለት ዓመት በፊት በአንድ ትምህርት ቤት የታሪክ አስተማሪ ሆኜ ስገባ፥ የተተካሁት ለብዙ ዓመት አስተምረው ጡረታ በወጡ፥ ተማሪ ሁሉ በሚወዳቸው ሰው ቦታ ነበር። «ጋሼ እንዲህ አልነበረም የሚያስረዱን» የሚለውን ቃል በቀን ስንት ጊዜ እንደ ሰማሁት አልቈጥረውም። በመጀመሪያው ወር የእሳቸውን ቀልዶች ከሌሎች አስተማሪዎች ጠይቄ ተማርሁና እየደገምሁ አወራሁ። አንድም ልጅ አልሣቀ። የተሞቀ ሙቅ!

አንድ ቀን እሳቸው ለጡረታ ወረቀት ጕዳይ መጥተው ኖሮ ወደ ክፍሌ ገብተው ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ልጆቹ ሁሉ ፊታቸውን ወደ እሳቸው አዞሩ። እሳቸውም «ምን ታያላችሁ? ደብተር አውጡ፤ አስተማሪያችሁ እየጠበቀ ነው» ብለው አቀረቀሩ። ከዚያ ቀን በኋላ ሁሉ ነገር ተስተካከለ ብል ውሸት ነው፤ ማጕረምረሙ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ነበር፤ ከሚያጕረመርሙትም አንዳንዶቹ ልክ ነበሩ፤ የአድዋን ምዕራፍ በጣም አቻኵዬ ነበር ያስተማርሁት። ዘንድሮ ቀስ ብዬ አስተማርሁት።

ባልደረባዬን ትናንት አግኝቼ ምንም አለመጠበቁ እንዴት እንደ ሆነለት ብጠይቀው «ተወኝ፥ እንቅልፍ አጥቻለሁ» አለኝ። የመጀመሪያውን ክፍል ብቻውን ለማየት ስላልደፈረ እቤቱ ጠርቶኛል። እኔም አንድ ክፍል ብቻ ለማየት እንደማልመጣ፥ አራቱን ሳናይ ደግሞ «ድሮ እንዲህ አልነበረም» የሚል ቃል ከአፉ እንዳይወጣ ቃል አስገብቼዋለሁ። ቡናው በእሱ ነው፤ ቈሎው በእኔ።