ከምስክር ወረቀቱ ባሻገር፦ የደማምና የኹበር ማኅበራዊ ሠራተኞች የሚገባቸው ዕውቅና

በየዓመቱ በማርች ወር ሦስተኛው ማክሰኞ የዓለም የማኅበራዊ ሥራ ቀን ይከበራል። በዕለቱ ንግግር ይደረጋል፤ የምስክር ወረቀት ይሰጣል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል። በማግሥቱ ባለሙያዋ ወደ መዝገቦቿ ትመለሳለች። ኅብረተሰቡ ለሙያዋ የሰጠው ዋጋ የሚለካውም በዚያ በማግሥቱ ቀን ነው። በሳዑዲ ዓረቢያ ምሥራቃዊ ግዛት፣ በተለይም በደማምና በኹበር፣ ጥያቄው ለአማርኛ ተናጋሪው ነዋሪ ቅርብ ሆኗል።

ሁለቱ ከተሞች ያደጉት በአንድ የሰው ዕድሜ ውስጥ ነው። በ1923 የደዋሲር ጎሣ አባላት ከባሕሬን ተሻግረው ሲሰፍሩ ሥፍራው የዓሣ አጥማጆች ዳርቻ ነበር። በ1938 የደማም ቁጥር ሰባት ጉድጓድ ነዳጅ ዘይት ካፈለቀ ወዲህ ከመንግሥቱ ማዕዘናት ሁሉና ከባሕር ማዶ ሠራተኛ ጎረፈ። ደመወዝ ተከትሎ የመጣ ሰው ግን አጎቱንና አክስቱን ይዞ አይመጣም። ሲታመሙ የሚጠይቅ፣ ሲጣሉ የሚያስታርቅ ዘመድ በሩቅ ቀረ። ያን ክፍተት ለመሙላት እንደ ኹበሩ ፈታት አል-ኸሊጅና እንደ ምሥራቃዊው ግዛት አል-ቢር ያሉ የበጎ አድራጎት ማኅበራት ተቋቋሙ።

ማኅበራዊ ሠራተኛን ከምጽዋት አከፋፋይ ጋር የሚያምታታ ብዙ ነው። በጤናው ዘርፍ የምትሠራዋ በሳዑዲ የጤና ሙያዎች ኮሚሽን የምትመዘገብ ባለሙያ ናት። ሐኪሙ ሥራውን ሲጨርስ የእርሷ ይጀምራል። ስብራቱ የተጠገነለት ሰው ከሆስፒታል ወጥቶ ወዴት ይሄዳል? መድኃኒቱን ማን ይገዛለታል? እርሱ ተኝቶ ሳለ ልጆቹ ከማን ዘንድ ናቸው? መልሱን ለማግኘት ትጠይቃለች፣ ትጽፋለች፣ ትደውላለች፣ ሲያስፈልግም ቤት ድረስ ሄዳ ታያለች። ወላጆቹ ያልታወቁ ሕፃን ለአሳዳጊ ቤተሰብ በሚሰጥበት ጊዜም ኃላፊነቷ ከባድ ነው። በሸሪዓው ሕፃኑ በአሳዳጊው ስም አይጠራም፤ ሆኖም አሳዳጊዋ ሁለት ዓመት ሳይሞላው በሚፈለገው መጠን ካጠባችው የጡት ዝምድና ይመሠረታል፤ ሲያድግም ለእርሷ ባዕድ አይሆንም። ይህን ለቤተሰቡ የሚያስረዳ፣ ቤቱን አስቀድሞ የሚያጠና፣ ከዚያም ለዓመታት የሚከታተል ሰው ያስፈልጋል። ሥራው በሚገባ ሲከናወን የሚታይ ነገር የለም፤ ያልፈረሰ ትዳርና ከትምህርት ያልቀረ ልጅ ዜና አይሆኑም።

ለኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞች ደግሞ ሌላ ችግር አለ። መዝገብ ይዛ አልጋ አጠገብ የምትቀመጥ፣ ስለ ኢቃማ፣ ስለ አሠሪና ስለ ደመወዝ የምትጠይቅ ሴት ለብዙዎች የጀዋዛት ሠራተኛ ትመስላለች። ታማሚዋ ትፈራለች፤ «ደረጃ ላይ ወድቄ ነው» ብላ ነገሩን ትዘጋለች። ባለሙያዋም ያልተነገራትን ልትጽፍ አትችልም።

ይህ ፍርሃት ከአገር ቤት የመጣ ምክንያትም አለው። በአዲስ አበባ የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1959 ነበር፤ ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ተቋርጦ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እንደገና የተጀመረው በ2004 ነው። በእነዚያ ሠላሳ ዓመታት ያደገው ትውልድ የሚያውቀው ዕድርን፣ ጀመዓንና ጎረቤትን ነው። ዕድር ሐዘንተኛን ያጽናናል፣ ቀብር ያስፈጽማል፤ በዱላ የተሰበረን ክንድ ግን መዝግቦ ለሕግ አያቀርብም።

ሕጉ በሳዑዲ ዓረቢያ አለ። በ2013 የወጣው ከጥቃት የመጠበቂያ ሕግ በቤተሰብ አባላት መካከል ብቻ አይወሰንም፤ በአሳዳሪና በተዳዳሪ፣ በከፊልና በእርሱ ሥር ባለ ሰው መካከል የሚፈጸመውን በደልም በግልጽ ይጠቅሳል። የቤት ሠራተኛዋም በዚህ ውስጥ ናት። በ1919 የስልክ ቁጥር ጥቆማ የሚቀበል ማዕከልም ተቋቁሟል። ሕጉን በሥራ ላይ የሚያውለው ግን ቁጥሩ ሲደወል የሚያነሣው፣ የሚያዳምጠውና መጠለያ የሚፈልገው ሰው ነው።

እንግዲህ ዕውቅናው ምን ይምሰል? በሱረቱ አት-ተውባ ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ወገኖች መካከል በዘካው ሥራ ላይ የተሰማሩት ይገኙበታል፤ ሊቃውንቱም ሠራተኛው ሀብታም ቢሆን እንኳ ድርሻው እንዲሰጠው ይናገራሉ። ይህ ሥርዓት ለአገልጋዩ የመደበለት ምስጋናን ብቻ ሳይሆን ደመወዝን ነው። ከዚህ አንጻር ሲታይ፣ ለማኅበራዊ ሠራተኛ የተሻለው ሽልማት በአንድ ሰው እጅ ያለውን የመዝገብ ብዛት መቀነስና ለቤት ጉብኝት ጊዜ መስጠት ነው።

በ2016 የታወጀው ራዕይ 2030 የበጎ ፈቃደኞችን ቁጥር ከ11 ሺህ ወደ አንድ ሚሊዮን ለማድረስ አቅዶ ነበር፤ ግቡ ከታሰበው ጊዜ ቀድሞ በ2024 ታልፏል። ውጤቱ የሚያኮራ ነው። ሆኖም በጎ ፈቃደኛ በረመዳን የኢፍጣር ማዕድ አሰናድቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ታማሚዋን እስከ ሸዋል፣ ከዚያም እስከ ቀጣዩ ረመዳን የሚከታተላት ባለሙያው ነው። አንዱ ሌላውን ስለማይተካ ሁለቱ በአንድ ሚዛን መመዘን የለባቸውም።

ከሁለቱም ቆጠራ ውጭ የሚቀሩ ሴቶችም አሉ። ዓረብኛ የለመደች ኢትዮጵያዊት ስልክ ተደውሎላት፣ ከሥራዋ ፈቃድ ለምና፣ የታክሲውን ከኪሷ ከፍላ ለማታውቃት አገሯ ልጅ ታስተረጉማለች። ብሔራዊው የበጎ ፈቃድ መድረክ ኢቃማ ያላቸውን ነዋሪዎችም ስለሚመዘግብ፣ እነዚህ ሰዓታት ሊቆጠሩላት ይገባል። ሆስፒታሎችና ማኅበራትም አጭር ሥልጠና ቢሰጧት ድካሟ እጥፍ ይጠቅማል። የሥልጠናው ቀዳሚ ርዕስ ምሥጢር መጠበቅ መሆን አለበት፤ በደማምና በኹበር ያለው ኢትዮጵያዊ እርስ በርሱ ስለሚተዋወቅ፣ ሐሙስ በአልጋ አጠገብ የተነገረ ቃል ከጁሙዓ ሶላት በኋላ በቡና ላይ ሊወራ ይችላል። ያን የምታውቅ ታማሚ ደግሞ በአስተርጓሚዋ ፊት አሁንም «ደረጃ ላይ ወድቄ ነው» ትላለች።