የሠለጠነው ተቆጠረ፣ የታከመው ግን?

የአእምሮ ሕክምና ወደ ጤና ጣቢያ ወርዷል የሚለው አባባል ከዓመታዊ ግምገማ መድረኮች ጠፍቶ አያውቅም። ማስረጃውም ሁሌ ያው ነው፤ የሠለጠኑ ባለሙያዎች ቁጥር። ቁጥሩ ይነበባል፣ ይጨበጨባል፣ ወደ ሻይ ዕረፍት ይወጣል።

ቁጥሩ ሐሰት ነው ያለ የለም። ጥያቄው ምን ተቆጠረ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባስጀመረው የአእምሮ ጤና ፕሮግራም መሠረት ሶዶ ወረዳ ላይ የተሞከረው ሥልጠና 5 ቀን ትምህርትና 5 ቀን ልምምድ ነበር። ጥሩ ጅምር ነው። ሆኖም የሠለጠነችው ነርስ በአሥራ አንደኛው ቀን የምትመለሰው ኮሪደሩን ወደሞላው ተመላላሽ ታካሚ ነው፤ ለአንዱ የሚደርሰው ጥቂት ደቂቃ ብቻ። ከዚያ ደግሞ ትዛወራለች። ነርሷ ስትዛወር ቁጥሩ ከሪፖርቱ አይዛወርም።

ምን እንደተማረችም ይታይ። በሶዶ ትኩረት የተሰጣቸው ሳይኮሲስ፣ ድባቴ፣ የሚጥል በሽታና የአልኮል ችግር ነበሩ። በሳይኮሲስ ወይም በሚጥል በሽታ የታመመውን ቤተሰብ ይዞት ይመጣል፤ ሕመሙ ራሱ ይናገራል። ድባቴ ግን አይናገርም። የሶዶውን ሙከራ ያጠኑ ተመራማሪዎች ከሥልጠናው በኋላም ድባቴ ካለባቸው ታካሚዎች አብዛኞቹ ሳይለዩ እንደሚያልፉ ደርሰውበታል። እናት የምትመጣው ራሴን አመመኝ፣ ወገቤን ቆረጠመኝ፣ እንቅልፍ አጣሁ ብላ ነው፤ የሕመም ማስታገሻ ይዛ ትመለሳለች። በእርግዝና ክትትል ደም ግፊቷ ይለካል፣ ትመዘናለች፣ ሽንቷ ይመረመራል፤ ሆድሽን ምን ባሰው የሚላት የለም። አልጋ ላይ መሽናት የጀመረ ወይም አፉን ያልፈታ ልጅ ከሆነማ መልሱ አጭር ነው፦ ያድጋል።

ይህ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። በቡታጅራ አካባቢ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት በእርግዝና ወቅት የአእምሮ ጭንቀት የነበረባቸው ሴቶች ምጣቸው ይበልጥ እንደሚረዝም፣ ጡት ማጥባት የሚጀምሩትም ዘግይተው እንደሆነ አሳይቷል። የምጥ መርዘምና የጡት ማጥባት መዘግየት ደግሞ የእናቶችና ሕፃናት ክፍል የራሱ ሥራ ነው፣ የሌላ ክፍል እንግዳ አይደለም።

ሥልጠናው ይርዘም የሚል መፍትሔ ይመጣ ይሆናል። ፓኪስታን ውስጥ ግን የመንደር ጤና ሠራተኞች በድባቴ የተያዙ ነፍሰ ጡሮችን እንዲደግፉ የሠለጠኑት 2 ቀን ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመው ውጤት ከወሊድ 6 ወር በኋላ ድባቴው ያልለቀቃቸው እናቶች 23 በመቶ ሲሆኑ፣ ሠራተኛዋ ያለዚህ ሥልጠና እየተመላለሰች ከጎበኘቻቸው መካከል ግን 53 በመቶ ነበሩ። ሠራተኞቹ የሠለጠኑትን ይዘው ብቻቸውን አልቀሩም፤ በየወሩ እየተሰበሰቡ የከበዳቸውን ከባለሙያ ጋር ይመክሩበት ነበር። በአሜሪካዋ ማሳቹሴትስ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የሕፃናት ሐኪም ግራ ሲገባው ስልክ ይመታል፤ የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም በ30 ደቂቃ ውስጥ እንዲያማክረው ተደርጎ ነው የተዘረጋው። እ.ኤ.አ. በ2014 የእናቶች መስመር ተጨመረበት።

እኛ ዘንድ ሐኪሙ የት አለና የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ የአእምሮ ሐኪሞች ጥቂት ናቸው፣ አብዛኞቹም አዲስ አበባ ናቸው። ነገር ግን ጅማና ጎንደር በአእምሮ ጤና ሁለተኛ ዲግሪ ያስመረቋቸው ባለሙያዎች አሉ፤ ስልክ ማንሳት አያቅታቸውም። የሚያስቸግረው ሌላ ነው። ለተሰጠ ምክር በሪፖርት ቅጹ ላይ ማን ዓምድ ይከፍትለታል? ቢከፈትስ፣ ዓምዱ ባዶ እንዳይሆን ብቻ የሚደወል ስልክ እንዳይበዛ ምን ዋስትና አለ?