ሒሳቡ ከድስቱ ይጀምር

ክብደቱን ለመቀነስ ወይም ስኳሩን ለመቆጣጠር የሚጥር ሰው ስልኩ ላይ «ሽሮ ወጥ» ብሎ ቢፈልግ የካሎሪ ቁጥር አያጣም። ግን የማን ቤት ሽሮ ነው? ቁሌቱ ስንት ዘይት ጠጣ? ወፍራም ነበር ወይስ ቀጭን? እነዚህን የማይመልስ ቁጥር ለእኛ ማዕድ አይሆንም። የቤታችንን ምግብ ቁጥር ከገዛ ድስታችን ማውጣት አለብን፤ ደግሞም እንችላለን።

የሒሳቡ መሠረት የቆየ ነው። አሜሪካዊው ኬሚስት ዊልበር አትዋተር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ የደረሰበት ስሌት ዛሬም ያገለግላል፤ 1 ግራም ካርቦሃይድሬት 4 ካሎሪ፣ 1 ግራም ፕሮቲን 4፣ 1 ግራም ስብ ደግሞ 9 ይሰጣል። ጤፉን፣ ምስሩንና ሽሮውን በተመለከተም ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኢትዮጵያ ምግቦች ይዘት ሠንጠረዥ አለ። የሚጎድለው አንድ የወጥ ቤት ሚዛንና ትንሽ ትዕግሥት ብቻ ነው።

አሠራሩን በምሳሌ እንየው። 200 ግራም የሽሮ ዱቄት 720 ካሎሪ ያህል አለው። 300 ግራም ሽንኩርት 120፣ 30 ግራም በርበሬ 90 ገደማ ይጨምራሉ። ሁለት የቡና ሲኒ፣ ማለትም 150 ሚሊ ሊትር ያህል ዘይት ሲገባ ግን ብቻውን ከ1,200 በላይ ያመጣል። ውኃው ክብደት እንጂ ካሎሪ የለውም። ድምሩ 2,170 አካባቢ ይሆናል። ባዶው ድስት አስቀድሞ ይመዘን፤ ወጡ ሲበስል ከነድስቱ ይመዘንና የባዶው ክብደት ይቀነስ። የቀረው 1,500 ግራም ከሆነ፣ በየ100 ግራሙ 145 ካሎሪ ገደማ አለ ማለት ነው። አንድ ጭልፋ ስንት ግራም እንደሚይዝ አንዴ ከተመዘነ፣ ከዚያ በኋላ ጭልፋ መቁጠር ይበቃል።

ከዚህ ሒሳብ የምንማረው ትልቁ ነገር ከድስቱ ካሎሪ ከግማሽ በላይ የሆነው ዘይት መሆኑ ነው። ዘይቱን ወደ 50 ሚሊ ሊትር ብናወርደው ከ800 በላይ ካሎሪ ይቀንሳል፤ የሽሮው ፕሮቲን ግን እንዳለ ነው። ብዙዎቻችን የጾም ምግብ ሁሉ ቀላል ይመስለናል። ሥጋና ቅቤ ስለሌለበት ብቻ ቀላል አይሆንም፤ ሽንኩርቱ በዘይት ከተንሳፈፈ ከፍስክ ወጥ ሊበልጥ ይችላል። ሽንኩርትን በራሱ ውኃ ቀስ አድርጎ አቁላልቶ ዘይት ኋላ ጠብ ማድረግ ግን እናቶቻችን የሚያውቁት ሙያ ነው።

እንጀራም እንዲሁ ይሰላል። 1 ኪሎ የጤፍ ዱቄት 3,600 ካሎሪና 730 ግራም ካርቦሃይድሬት ገደማ አለው። እርሾው ጥቂት ይበላበታል እንጂ ሒሳቡን አያፈርሰውም። ከዚያ ሊጥ 8 እንጀራ ከወጣ፣ ለአንዱ 450 ካሎሪና 90 ግራም ካርቦሃይድሬት ያህል ይደርሰዋል። የምጣዱ ስፋትና የሊጡ ውፍረት ከቤት ቤት ስለሚለያይ የጎረቤት ቁጥር አይሠራም፤ የየቤታችንን እንቁጠር።

የስኳር ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ የሚሰማው «እንጀራ ቀንስ» የሚል ምክር ነው። ከስንት ወደ ስንት? ሰውዬው ያልተሰፈረ ምክር ይዞ ቤቱ ይገባል፤ ወይ ከፍርሃት የተነሣ አብዝቶ ይቀንሳል፣ ወይ ግራ ገብቶት እንደ ድሮው ይበላል። ኢንሱሊን ለሚወጋ ሰው ይህ አለመታወቅ አደጋ አለው። የቤቱን እንጀራ ይዘት የሚያውቅ ግን ከሐኪሙ ጋር በቁጥር ይነጋገራል።

አብሮ መብላት ለዚህ ዕንቅፋት አይደለም። ልኩን ያወቀ ሰው የድርሻውን እንጀራ ለይቶ፣ ወጡን በጭልፋ አስወጥቶ፣ ከቤተሰቡ ጋር በአንድ ገበታ ይቀመጣል። ማጉረሱም አይቀርም፤ ጉርሻው ከድርሻው ይታሰባል።

በቴሌቪዥንና በዩቲዩብ ምግብ የምታስተምሩ ባለሙያዎች ሆይ፣ «ዘይት በመጠኑ» ማለት ይቅርና በግራም ንገሩን። የበሰለው ወጥ ስንት እንደመዘነም ጨምሩልን። የጤና ባለሙያዎችም ምክራችሁን በጭልፋና በእንጀራ ልክ ስጡን። ወጥ የምትሠሩ ሁሉ ደግሞ በዚህ ሳምንት አንድ ድስት ብቻ መዝናችሁ ቁጥሩን ወረቀት ላይ አስፍሩ። ጤናውን ለመጠበቅ የአገሩን ምግብ መተው ያለበት የሚመስለው ብዙ ሰው አለ፤ ልኩን ካወቀው ግን መተው አያስፈልገውም።