ከቡና ገለፈት ዘይት፦ ከምጣዱ በፊት ሳሙናው

ከጅማ አካባቢ የመጣን ተማሪዎች ከእሸት ቡና መፈልፈያ ወደ ወንዝ የሚለቀቀውን የገለፈት ሽታ እናውቀዋለን። ያ ገለፈት ስኳር አለው። ሮዶቶሩላ ቶሩሎይደስ የሚባለው እርሾ ስኳር በዝቶለት ናይትሮጅን ሲያጥረው መባዛቱን ትቶ ስብ ያከማቻል፤ ሲመቸው ከደረቅ ክብደቱ ከግማሽ በላይ።

«እርሾ ከሆነ አልኮል የለበትም ወይ?» ያሉን ወንድሞችና እህቶች አሉ። ይህኛው የሚያድገው አየር ሲያገኝ ነው፤ እንደ ጠላ እርሾ ስኳሩን ወደ አልኮል አይለውጥም።

ችግሩ ሌላ ነው። ከ100 ግራም ስኳር በንድፈ ሐሳብ እንኳ የሚገኘው ዘይት ከ33 ግራም ገደማ አያልፍም። አየር መንፋቱ መብራት ይበላል፤ ዘይቱን ከሕዋሱ ማውጣትም ወጪ ነው። ስለዚህ «የምግብ ዘይት ውድነትን እንፈታለን» የሚል የመመረቂያ ፕሮፖዛል አይዋጥልንም። ፓልም ዘይትን በዋጋ አይችለውም። እናቶቻችን በዘይት ዋጋ ተጨንቀው ሳለ እንዲህ ያለ ተስፋ መስጠት አማናን መብላት ነው።

ለሳሙና እንሞክረው፤ ባያተርፍ እንኳ ገለፈቱ ወንዝ አይገባም። የበቆሎ አገዳ ይቆየን፤ እሱን በአሲድ ስንፈታ የሚፈጠረው ፉርፉራል እርሾውን ያዳክማል።

ጥቅምት ላይ መፈልፈያዎቹ ሥራ ላይ ናቸው። ናሙና ማምጣት የሚችል ከአሁኑ ይንገረን፤ ቶሎ ስለሚቦካ በበረዶ ይምጣ።