የላም ኪንታሮት ምን ያስቃል?

በመካከላችን አንድ የቆየ በሽታ አለ፤ ይኸውም ትምህርትን በክብር ደረጃ መደርደር ነው። የሰው ሕክምናና ምሕንድስና ከላይ ይቀመጣሉ፤ የከብት ሕክምና ግን ከታች። አንድ ተማሪ «የመመረቂያ ጽሑፌ ስለ ከብት ኪንታሮት ነው» ያለ እንደ ሆነ ይሳቅበታል።

እስቲ የተሳቀበትን ነገር ቀረብ ብለን እንመልከተው። ኪንታሮት በቫይረስ የሚመጣ የቆዳ በሽታ ሲሆን በተለይ ሁለት ዓመት ያልሞላቸውን ከብቶች ይይዛል። ቫይረሱ የሚገባው በተጫረ ቆዳ ነውና ሻካራ ገመድ፣ ሳይቀቀል ከከብት ወደ ከብት የሚዘዋወር መርፌና የጆሮ መብሻ ያዛምቱታል። አብዛኛው በወራት ውስጥ በራሱ ይረግፋል። ከጡት ጫፍ ላይ ሲወጣ ግን ላሚቱን ማለብ ያስቸግራል፤ ቆዳውንም ያበላሻል። ገበሬው ይህን ቢያውቅ ለማይረባ መድኃኒት ገንዘቡን ባላባከነ፣ የታመመውንም ጥጃ ለብቻው ባሰረ ነበር።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1992 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ ኪርንባወር፣ ሎዊ፣ ሺለርና ባልደረቦቻቸው የዚህኑ የከብት ቫይረስ የውጭ ልባስ ፕሮቲን ለብቻው ቢሠሩት፣ ራሱን በራሱ ገጣጥሞ ባዶ ቅርፊት ሆነ። ቅርፊቱ በሽታ አያመጣም፤ ሰውነት ግን ቫይረሱ የገባ መስሎት መከላከያውን ያዘጋጃል። በዚሁ ዘዴ ለሰው የተሠራው ክትባት በ2006 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሥራ ላይ ዋለ። አገራችንም በ2011 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መስጠት ጀመረች። እንግዲህ እኅቶቻችንን ከማኅፀን በር ካንሰር የሚጠብቀው ጋሻ መንገዱ የተጠረገው በላም ኪንታሮት ነው። ታዲያ የሚሳቅበት ማን ነው?

«ለድሀ አገር የሚያስፈልጋት ፋብሪካ ነው እንጂ የኪንታሮት ጥናት አይደለም» የሚሉ አይጠፉም። ፋብሪካው ይምጣ፤ እንቃወም የሚል የለም። ነገር ግን የገበሬው ሀብት ዛሬም በአራት እግሩ የቆመው በሬ ነው። ያንን ሀብት የሚጠብቅ ዕውቀት የበታች ሊባል አይገባውም።

ለከብት ሕክምና ተማሪዎችም አንድ ቃል አለኝ። የተማራችሁትን በባዕድ ቋንቋ ጽፋችሁ መደርደሪያ ላይ አትቅበሩት። ገበሬው በሚሰማው አማርኛ አንድ ገጽ ጻፉና ለዕረፍት ወደየአገራችሁ ስትሄዱ ይዛችሁት ውረዱ። ይህን መጽሔት የሚያባዛው መኪና ያንን አንድ ገጽ ለማባዛት አይደክመውም።