የፈረሱን አፍ ከገበያ ውጪ ማን አየው?

ሃምስተር የምትባል አይጥ መሳይ እንስሳ አለች። እህሏን በሁለት ጉንጮቿ ከረጢት ሞልታ ትሸከማለች። ቤታቸው የሚያሳድጓት ፈረንጆች ታዲያ ምግብ ጉንጯ ውስጥ ተሰንቅሮ ሲቀር ወይም ጉንጯ ሲቆስል ሐኪም ዘንድ ይዘዋት ይሮጣሉ። መቼም ያስቃል፤ እኔም ስቄ ነበር። ቡታጅራ ላይ ነው ሳቄ ያቆመው።

የገበያ ቀን ነው። አንድ የጋሪ ፈረስ ጥላ ሥር ቆሞ ድርቆሽ ያኝካል፤ መዋጥ ግን የለም። አንድ ጉንጩ ተወጥሯል። ትንሽ ቆየና እንደ ኳስ የተድቦለቦለ እርጥብ ድርቆሽ ከአፉ ዱብ አደረገ። ባለጋሪውን «ምን ሆኖብህ ነው?» ብለው «ጠግቦ ነዋ ወንድሜ!» አለኝ። የፈረሱ የጎድን አጥንት ይቆጠራል እኮ!

የፈረስ መንጋጋ ጥርስ አብዛኛውን ዕድሜውን ከድዱ እየወጣ ነው የሚኖረው፤ በዓመት ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ። ቀኑን ሙሉ ሣር ሲግጥ እየተፋጨ ያልቃል። የላይኛው መንጋጋ ከታችኛው ሰፋ ስለሚል ግን የላይኞቹ ጥርሶች የውጭ ጠርዝ ሳይፈጭ ይቀርና እንደ ቢላ ይሾላል፤ ጉንጩንም ከውስጥ ይቆርጠዋል። ጋሪ ላይ ውሎ ማታ ፉርሽካ የሚቀርብለት ፈረስ ደግሞ ብዙም አያኝክም፤ ስለዚህ ይብስበታል። ያመመው ፈረስ ምግቡን ጉንጩ ውስጥ አጉሮ ያቆየዋል፣ ወይ ይተፋዋል። በዚያ ላይ ከፌሮ ወይም ከሽቦ የተሠራ ልጓም ሲጎተት የቆሰለውን ጉንጭ ከሾለው ጥርስ ጋር ያጣብቀዋል። ራሱን ሲያወዛውዝ «እልኸኛ» ተብሎ ጅራፍ ይጨመርለታል።

የሚገርመኝ ይሄ ነው፦ ፈረስ ስንገዛ አፉን ከፍተን በጥርሱ ዕድሜውን እንቆጥራለን። ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ ማን ያየዋል?

ባለጋሪውን ጨካኝ አልለውም። ፈረሱ ሲወድቅ አብሮ የሚወድቀው የልጆቹ እራት ነው። ማን ነገረው? ሕክምናው ደግሞ ተአምር አይፈልግም፤ አፍ መክፈቻ ብረት፣ ረጅም እጀታ ያለው ሞረድና የሠለጠነ እጅ ይበቃል። (ባለጋሪው ራሱ በጉልበት እንዳይሞክረው እንጂ!) የወልቂጤም የቡታጅራም የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች የትል መድኃኒት ሲሰጡ በዓመት አንዴ አፉንም ቢያዩት ምን ይጎድላል?

«ባጃጅ መጥቶ የለ እንዴ፣ ጋሪ አብቅቶለታል» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። ሲሚንቶውንና ቆጮውን ኮረኮንች ላይ የሚጎትተው ማን እንደሆነ ወጥተው ይዩ።

እስከዚያው ባለጋሪ ወዳጄ፣ ነገ ጠዋት ልጓሙን ከማስገባትህ በፊት የፈረስህን ጉንጭ ከውጭ በኩል በመዳፍህ ቀስ ብለህ ጫን አድርገው። ከሸሸህ፣ ያን ቀን ጋሪውን አቁመህ ሐኪም ፈልግለት።